ለተራራ ሳይክል ጫማ ስትገዙ መጀመሪያ ሶሉን ገልብጣችሁ እዩ

ቀኝ ቅልጥሜ ላይ አራት ትንንሽ ጠባሳዎች በአንድ መስመር ተሰልፈዋል። ነሐሴ ነበር። እንጦጦ ላይ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፣ በባሕር ዛፉ መሃል የሚወርደው ቀይ አፈር ላቁጦ ሆኗል። የፊት ጎማዬ አንድ ሥር ላይ ሲነጥር እግሬ ከፔዳሉ ተነሳ፣ ፔዳሉ ዞሮ መጣና የፔዳሉ ጥርሶች ቅልጥሜን ከላይ እስከ ታች ላጡት። ያደረግኩት ጫማ አዲስ የሩጫ ጫማ ነበር። ለሩጫ ምርጥ ጫማ ነው። ፔዳል ላይ ግን አይይዝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሰው ሳይክል ልገዛ ነው ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ጫማው ነው። ብዙ ሰው ብሩን ሁሉ ሳይክሉ ላይ ጨርሶ ጫማውን ከቤት ያገኘውን ያደርጋል። ይህ ነገር ከልቤ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ጀማሪ ቁልቁለት ላይ እግሩ አንዴ ከተንሸራተተ ሁለተኛ ደፍሮ አይወርድም።

ጠፍጣፋ ፔዳል ላይ እግራችሁን የሚያስር ምንም ነገር የለም። እንደ ውድድር ሳይክል ጫማው በብረት አይቆለፍም። እግራችሁን የሚይዙት ሦስት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ የሰውነታችሁ ክብደት፣ ፔዳሉ ላይ ወጣ ወጣ ያሉት 4 ወይም 5 ሚሊሜትር የሚሆኑ ጥርሶች፣ እና የጫማችሁ ጎማ። ጥርሱ ጎማው ውስጥ ትንሽ መስመጥ አለበት። ጎማው ደረቅ ከሆነ አይሰምጥም፣ ከላይ ይንሸራተታል። እርጥብ ሲሆንማ ይብሳል።

ስለዚህ ዋናው ነገር የጎማው ልስላሴ ነው። ሱቅ ስትገቡ ጫማውን ገልብጡና ሶሉን በአውራ ጣት ጥፍራችሁ ጫን አድርጉ። ጥሩ ጎማ ይሰረጎዳል፣ ስትለቁት ደግሞ ቶሎ ፊጥ ብሎ አይነሳም፣ ቀስ እያለ ነው የሚመለሰው። ደረቁ ጎማ ጥፍራችሁን መልሶ ይገፋዋል። ቀጥላችሁ ጫማውን ንጹሕ ሴራሚክ ወለል ላይ አስቀምጡ፣ በእጃችሁ ተጫኑትና ወደ ጎን ግፉት። ቀለል ብሎ ከሄደላችሁ መልሱት። ክርር ብሎ እየተንተፋተፈ እምቢ ካለ እሱን ነው የምትፈልጉት። ባለ ሱቁ ምን እያደረጋችሁ ነው ብሎ ሊያያችሁ ይችላል፣ ግድ የለም፣ አስረዱት።

ይህ የሚጣበቅ ጎማ ከየት መጣ መሰላችሁ? ገደል ከሚወጡ ስፖርተኞች። ፋይቭ ቴን የሚባለው ኩባንያ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሲቋቋም የሚሠራው የድንጋይ መውጫ ጫማ ነበር። ስቴልዝ ያሉት ጎማ ልሙጥ ገደል ላይ እንዲይዝ ተብሎ የተሠራ ነው፣ በኋላ ግን የተራራ ሳይክል ነጂዎች ወደዱት። አሁን ኩባንያው የአዲዳስ ነው። አውስትራሊያዊው ሳም ሂል ይህን የመሰለ ጫማና ጠፍጣፋ ፔዳል ይዞ በ2006፣ በ2007 እና በ2010 እ.ኤ.አ. የቁልቁለት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ ከዚያም ከ2017 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. በተከታታይ የኢንዱሮ (በአብዛኛው ቁልቁለቱ በሰዓት የሚለካበት) የዓለም ተከታታይ ውድድርን አሸነፈ። አብዛኛው ተፎካካሪው እግሩን ቆልፎ ነበር የሚነዳው። ጠፍጣፋ ፔዳል የጀማሪ ነው ለሚላችሁ ሰው ይህን ንገሩት።

የሩጫ ጫማ ለምን አይሆንም? የሩጫ አገር ስለሆንን ሁላችንም ቤት አንድ አለ፣ ስለዚህ በደንብ ላስረዳ። ታችኛው ክፍሉ ስፖንጅ ነው። ስትሮጡ ምድሩን እንዲያለዝብላችሁ የተሠራ፣ ፔዳል ስትረግጡ ግን ጉልበታችሁን ይውጠዋል። ጫፉ ወደ ላይ ቀና ያለ ስለሆነ ፔዳሉ ላይ ሙሉ በሙሉ አያርፍም። ጥርሶቹም ስፖንጁን በጥቂት ሳምንት ቦጫጭቀው ይጨርሱታል፣ እና በስንት ብር የገዛችሁት ጫማ ለሩጫም ሳይሆን ይቀራል።

የተራራ መውጫ ቡትም ብዙ ሰው ያሳስታል። ሶሉ ጥልቅ ቦይ አለው፣ ሲያዩት አስተማማኝ ይመስላል። ችግሩ የፔዳሉ ጥርስ ቦዩ ውስጥ ይገባና አንዳንዴ ይቆለፋል፣ አንዳንዴ ደግሞ የሚነክሰው ያጣል። እግራችሁን ትንሽ ማስተካከል ስትፈልጉ እምቢ ይላችኋል። የምትፈልጉት መሃሉ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ቅርጹ ጥልቀት የሌለው ሶል ነው። ጫፉና ተረከዙ ላይ ትንሽ ጥርስ ቢኖረው ጥሩ ነው፣ ዳገቱ አቅቷችሁ ሳይክሉን እየገፋችሁ ስትወጡ ጭቃው ላይ ይጠቅማችኋል።

ጥንካሬውን ደግሞ እንዲህ ሞክሩ። ጫፉንና ተረከዙን ይዛችሁ እጠፉት። እንደ እንጀራ ከታጠፈ በጣም ለስላሳ ነው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ውስጥ እግራችሁን ፔዳሉ ይወጋችኋል። ጨርሶ ካልታጠፈም ፔዳሉ አይሰማችሁም። ጣቶቹ አካባቢ ትንሽ እሺ የሚል፣ መሃሉ ላይ ግን ጠንከር ያለ ይሻላል።

ልኩን ከሰዓት በኋላ ሂዱና ለኩ፣ እግር ውሎ ያብጣል። ለሳይክል የምታደርጉትን ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ። ተረከዝ ውስጡ መነሳት የለበትም። ጣት ግን ትንሽ መፈናፈኛ ይፈልጋል፣ ቁልቁለት ላይ እግር ወደ ፊት ይገፋልና። የጣቱ በኩል ጠንካራ ሽፋን ካለው ድንጋይ ሲመታችሁ ታመሰግኑታላችሁ። የማሰሪያውን ነገር አትርሱ፦ ረጅም ማሰሪያ በቀኝ በኩል ካቴናው ውስጥ ከገባ እግራችሁን ጎትቶ ይጥላችኋል። ትርፉን ከታሰረው ስር ወትፉት።

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ። ለዚህ ብቻ የተሠራ ጫማ እዚህ በቀላሉ አይገኝም። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ከሌላው ዕቃ ሁሉ ይህን አስመጡ፣ የእግራችሁን ርዝመት ግን በሴንቲ ሜትር ለክታችሁ ላኩለት፣ የየኩባንያው ቁጥር ይለያያል። ዘመድ የሌለው ሰው ልባሽ ተራ ሄዶ የስኬትቦርድ ጫማ ይፈልግ። ቫንስና መሰሎቹ ሶላቸው ጠፍጣፋ ጎማ ነው፣ ከሩጫ ጫማ በብዙ ይሻላሉ። ለስለስ ስለሚሉ ረጅም መንገድ ላይ እግር ያደክማሉ፣ ለሁለት ሰዓት ግን ይበቃሉ። ልባሽ ስትገዙ ጎማው ያረጀ እንዳይሆን እዩ። ዓመታት ተቀምጦ የደረቀ ጎማ ያበራል፣ ስታጥፉትም ስንጥቅጥቅ ይላል። ያንን ተዉት።

አንድ ጓደኛዬ ያለቀ ጫማውን ሊስትሮ ጋ ወስዶ የመኪና ጎማ አስለጠፈበት። ጎማው በረባሶ የሚሠራበት ዓይነት ነው፣ አያልቅም። ግን የማያልቀው ደረቅ ስለሆነ ነው፣ ለፔዳል አልሆነውም።

ፔዳላችሁ ልሙጥ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ የፈለገውን ጫማ ብታደርጉ ትርጉም የለውም። ሁለቱ አብረው ነው የሚሠሩት። ባለ ጥርስ የናይለን ፔዳል ይበቃል፣ የግድ ብረት መሆን የለበትም።

ጫማውን ካገኛችሁ በኋላ የእግራችሁን መሃል ወደ ፔዳሉ ጠጋ አድርጉ፣ በጣታችሁ ጫፍ አትርገጡ። ቁልቁለት ላይ ተረከዛችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ሳይክሉ ሲነጥር እግራችሁ ፔዳሉን እየገፋ ይቆያል። እኔ ያን ቀን ተረከዜን ከፍ አድርጌ ነበር።

ከጭቃ ስትመለሱ በውሃና በብሩሽ እጠቡት፣ ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁበት ጥላ ላይ አድርቁት። ከሰል አጠገብ ወይም ጠራራ ፀሐይ ላይ ካስቀመጣችሁት ማስቲሹ ይለቃል። በየጊዜው ሶሉን ገልብጡ። የፔዳሉ ጥርሶች የሠሩት ቀዳዳ ሰፍቶ ከጎማው ስር ያለው ነጭ ስፖንጅ መታየት ከጀመረ ያ ጫማ ከእንግዲህ ለገበያ መሄጃ ነው።