የአያትን ፎቶግራፍ በእጅ ቀለም መቀባት

ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍን በብሩሽ ማቅለም ከፎቶግራፍ ጥበብ መጀመሪያ ጀምሮ የነበረ ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1852 ጀምሮ በኖርዌይዋ በርገን ከተማ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው ማርከስ ሴልመር የገጠር ሰዎችን ከነባህል ልብሳቸው እያነሣ፣ ምስሎቹ በእጅ ቀለም ተቀብተው ይሸጡ ነበር። እኛም ባሕር ዳር ውስጥ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የደበዘዙትን የአያቶቻችንን ምስሎች በዚሁ ዘዴ ልናቀልማቸው እንችላለን።

ብሩሽ ከመያዝዎ በፊት ልብሱን የሚያውቅ ሰው ይጠይቁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፎቶግራፍ የሚነሣበት የመስታወት ሰሌዳ ሰማያዊ ብርሃንን እንጂ ቀይን አይቀበልም ነበርና ቀይ ነገር ጠቁሮ፣ ሰማያዊው ደግሞ ነጥቶ ይወጣ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጡ ብዙ ፊልሞችም ቀይን በደንብ አያነሡም ነበር። ስለዚህ በምስሉ ላይ ጥቁር የሚመስለው የነጠላ ጥለት ቀይ ሊሆን ይችላል፤ የገረጣው ማተብም ሰማያዊ ሊሆን ይችላል። እኔ ግራጫውን አምኜ የአያቴን ጥለት ጥቁር አረንጓዴ ቀብቼው፣ አክስቴ ገና እንዳየችው «ይኼማ ቀይ ነበር እኮ!» ስላለችኝ ሥራውን እንደገና ጀምሬዋለሁ። የጥለቱን ቀለም፣ ሴት አያትዎ እጃቸው እንሶስላ ሞቆ እንደነበር፣ ወንድ አያትዎ የጎጃም ገበሬ ከነበሩም ቁምጣቸው አረንጓዴ እንደነበር ይጠይቁ። የሚያስታውስ ሰው ከጠፋ ያንን ቦታ ግራጫ ሆኖ እንዲቀር መተው ይሻላል።

ዋናውን ፎቶግራፍ ፈጽሞ አይቀቡ። በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ስካን አድርገው፣ ቀለም ሲጨመርበት ስለሚጠቁም ከዋናው ትንሽ አፍክተው፣ በማያብረቀርቅ ወፍራም ወረቀት ላይ ያሳትሙ። በሌዘር ፕሪንተር የታተመው ውሃ ይችላል፤ ሌላው ቀለሙ ሊፈስ ስለሚችል አስቀድመው ጠርዙን በእርጥብ ጥጥ ይሞክሩት። እ.ኤ.አ. በ1850 ፈረንሳዊው ብላንካር ኤቭራር ያስተዋወቀው በእንቁላል ነጭ የሚለበጥ ወረቀት የሚያብረቀርቅ ስለነበር ውሃው ላዩ ላይ እየተንከባለለ ቀቢዎችን ያስቸግር ነበር፤ እነርሱም ቀለሙ እንዲይዝላቸው የግራር ሙጫ ይቀላቅሉበት ነበር። ዛሬም ጥቂት የሙጫ ውሃ በውሃ ቀለሙ ላይ መጨመር ይረዳል።

ቀለሙ በጣም ቀጭን ይሁን፤ ጥላው ከሥሩ መታየት አለበት። መጀመሪያ ከኋላ ያለውን፣ ቀጥሎ ፊትን፣ በመጨረሻ ልብስን ይቀቡ። ቆዳ በድሮው ፎቶግራፍ ከእውነቱ ይበልጥ ጠቁሮ ስለሚወጣ ቡናማ አይጨምሩበት፤ ትንሽ ቢጫና ቀይ በጉንጭና በግንባር ላይ አሳርፈው ወዲያው በጥጥ ያንሡት። ዓይን አይነካ። የነጠላው ነጭነት የወረቀቱ ነጭነት ነውና እጥፋቱ ላይ ብቻ የሰማያዊ ጭላንጭል ይበቃዋል። ጥለቱን ግን በቀጭን ብሩሽ፣ ጨርቁ በታጠፈበት ሁሉ እየተከተሉ በትዕግሥት ይሥሩ፤ ቀጥ ያለ መስመር ከተሰመረበት ልብሱ ከአካሉ ተለይቶ የተለጠፈ ይመስላል። በሐምሌና በነሐሴ የጣና ዳር አየር እርጥብ ስለሆነ አንዱ የቀለም ንብር እስኪደርቅ ሌሊቱን ሙሉ ያቆዩት።

የተጠናቀቀውን ፀሐይ ከማይደርስበት ግድግዳ ላይ ይስቀሉት። በጀርባው ላይም የትኛው ቀለም ከማን አፍ እንደተሰማ፣ የትኛውም በግምት እንደተቀባ በእርሳስ ይጻፉበት።