ፕሪአምፑን ከመቀየራችሁ በፊት፦ የሸክላ ችግርና መፍትሄ

ባለፈው ክረምት ደሴ ቤቴ ሁለት አሮጌ ፕሪአምፕ (የሸክላውን ደካማ ድምፅ ወደ ዋናው ማጉያ ከመግባቱ በፊት የሚያጎላው ሳጥን) ጎን ለጎን ደርድሬ ነበር። አንዱ በ1967 እ.ኤ.አ. ገበያ የወጣው ኳድ 33፣ ሌላው ባለ ቫልቭ (የድሮው የመስታወት ቱቦ) ዳይናኮ። የትኛው ይሻላል ስል ሳምንት ከረምኩ። ዳይናኮውን ክፉኛ አማሁት። ለካ ጥፋቱ የገመድ ነበር።

እምምም የሚል ጉርምርምታ

የፕሪአምፑን መምረጫ ከፎኖ (ከሸክላው መግቢያ) ወደ ሬዲዮ ወይም ቴፕ አዙሩት። ጉርምርምታው ከጠፋ ችግሩ ከሸክላ ማጫወቻው ወገን ነው። መጀመሪያ የምትጠረጠረው ከማጫወቻው የምትወጣው ቀጭን የግራውንድ ሽቦ ናት። ሰው የማትረባ መስላው ይቆርጣታል። ከፕሪአምፑ ጀርባ ያለችው ብሎን ሥር ነው የምትታሰረው። የእኔ ጫፏ አረንጓዴ ዝጎ ነበር፤ በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጌ አሰርኳት፣ ቤቱ ጸጥ አለ።

ካልጠፋ ማጫወቻውን ከትራንስፎርመር አርቁት። የተለመደው ካርትሪጅ (መርፌዋን የያዘችው ጫፍ) የሚሰጠው ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ብቻ ነው። እሷን ለማሰማት ፕሪአምፑ ብዙ ያጎላል፤ አጠገቧ ያለውንም ጫጫታ አብሮ ያጎላል።

ሬዲዮ ላይም ካጉረመረመ የውስጥ ኮንደንሰር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) ሳያረጅ አልቀረም። ይህን ለጠጋኝ ስጡት። ባለ ቫልቭ ፕሪአምፕ ከተነቀለም በኋላ መቶ ምናምን ቮልት ሆዱ ውስጥ ይዞ ሊቆይ ይችላል። እዚህ ጋ ጀግንነት አያስፈልግም።

ድምፁ ቀጭን፣ ቤዝ የሌለው

ምናልባት ማጫወቻውን ኦክስ (ለሌሎች ዕቃዎች የተሠራው ተራ መግቢያ) ላይ ሰክታችሁት ይሆናል። ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይጨመራል። ፎኖ መግቢያው ይህን ይመልሰዋል፤ 20 ኸርዝ ላይ ቤዙን በ20 ዴሲቤል ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ኦክስ ይህን አያውቅም። አብሽሩ፣ መሰኪያውን ማዛወር ብቻ ነው።

ኳድ 33 ያላችሁ ግን ጀርባውን እዩ። የሸክላው ካርድ (ተነቃይ ትንሽ የሰርኪት ሰሌዳ) በአራት አቅጣጫ ሊሰካ ይችላል፤ እያንዳንዱ ለተለያየ ካርትሪጅ ነው። የቀድሞው ባለቤት አዙሯት ከነበረ ድምፁ ይደክማል ወይም ይሰነጣጠቃል።

ቮልዩም ሲዞር ቸርቸር ማለት

ለዚህ የደሴ ጭጋግ ጥፋተኛ ነው። መብራቱን ነቅላችሁ ኮንታክት ክሊነር (ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚረጭ ማጽጃ) ርጩና ሃያ ጊዜ አዙሩት። የምግብ ዘይት ያደረገ ሰው አውቃለሁ፤ አታድርጉት።

አንዱ ወገን ዝም ካለ

ቮልዩሙን ዝቅ አድርጋችሁ የግራና የቀኝ መሰኪያውን አቀያይሩ። ዝምታው አብሮ ከዞረ ጥፋቱ ከካርትሪጅ ወይም ከገመድ ነው። ካልዞረ ከፕሪአምፑ ጀምሮ ወደ ስፒከሩ ፈልጉ።

አንዱ "የተሻለ" ሲመስል

ከፍ ብሎ የሚጮኸው ሁሌ የተሻለ ይመስላል። ስለዚህ ሁለቱን በቮልዩም እኩል ሳታደርጉ አትፍረዱ። እኔ በባቲ ቅኝት የተዘፈነ ባለ 45 ዙር ሸክላ፣ ያንኑ አንድ ደቂቃ እየደጋገምኩ ሞከርኩ። እኩል ሲሆኑ ልዩነቱ ጠበበ። ኳዱ ጸጥ ያለ ነው። ዳይናኮው ማሲንቆውን ለስለስ ያደርገዋል፣ ትንሽ ግን ሽሽሽ ይላል።

ዳይናኮው የአሜሪካ ዕቃ ስለሆነ በእኛ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ አይሰካም፤ ማውረጃ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ቫልቩም ሲሞት እዚህ በቀላሉ አይገኝም። ኳዱን አስቀረሁ። ዳይናኮው ኮምቦልቻ ጓደኛዬ ጋ ሄደ፣ የግራውንድ ሽቦዋንም አደራ ብዬ አብሬ ሰጠሁት።