ዱቄትና ጨውም የሰርጀን ጉዳይ ነው፦ በማኅበር ሆኖ ፖሊሲ ላይ እንዴት ይሠራል?

ጀርባው ክፍት ሆኖ የተወለደ ሕፃን ያከማችሁ ሰርጀኖች (ቀዶ ሐኪሞች) የምለው ይገባችኋል። ኢንፌክሽን ሳይቀድማችሁ ትዘጉታላችሁ። ከዚያ ጭንቅላቱ ውሃ ይቋጥራል፣ ሸንት (ውሃውን የሚያፈስ ቀጭን ቱቦ) ይገባለታል፣ ሸንቱ ይደፈናል፣ ልጁ ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ይተኛል። እናትየው ኮሪደር ላይ የነጠላዋን ጫፍ እያፍተለተለች «ዶክተር፣ ልጄ በእግሩ ይሄዳል?» ትላለች። መልሱን እናንተም እሷም ታውቁታላችሁ።

የሚያንገበግበው ይህ ስፓይና ቢፊዳ የምንለው የአከርካሪ ክፍተት በአብዛኛው መከላከል የሚቻል መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የእንግሊዞች ጥናት፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የነበራቸው እናቶች ከማርገዛቸው በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚን ሲወስዱ ችግሩ የመደገም ዕድሉ በ72 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ግን የጽንሱ አከርካሪ መዘጋት ያለበት ከተጸነሰ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ አብዛኛዋ እናት ማርገዟንም አታውቅም። ጤና ጣቢያ ሄዳ ክኒኑን ስትቀበል ጊዜው አልፏል። ስለዚህ ፎሊክ አሲዱ ቀድሞ ምግቧ ውስጥ መግባት አለበት፤ ይህን ደግሞ በመቀስና በክር አንሠራውም። በሕግ፣ በደረጃ፣ በፋብሪካ ነው የሚሠራው። እዚያ ለመድረስ አንድ ሰርጀን ብቻውን አይበቃም፣ የሙያ ማኅበር ያስፈልጋል። እንዴት እንደሚደረግ ከተማርኩት ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ምረጡ። አንድ ብቻ! እኛ በመጀመሪያው ጊዜ የሠራነውን ስህተት አትድገሙ። አንድ መሥሪያ ቤት ቀጠሮ ይዘን፣ ብዙ ስላይድ አዘጋጅተን፣ የቁስል ፎቶ ሳይቀር ይዘን ሄድን። ኃላፊው ፎቶዎቹን ሲያይ ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰ። ሁሉንም በትዕግሥት አዳመጠንና በመጨረሻ «እሺ፣ እኛ ምን እንድናደርግ ነው የምትፈልጉት?» አለ። ሦስታችን ሦስት መልስ ሰጠን። አንዱ ሸንት ይገዛልን አለ፣ ሌላው ተጨማሪ ኒውሮሰርጀን (የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪም) ይሠልጥን፣ እኔ ደግሞ ዱቄቱ ይበልጽግ፣ ማለት ፎሊክ አሲድ ይጨመርበት። ሻያችንን ጠጥተን ወጣን። የሄድንበት ጉዳይ ግን ንቅንቅ አላለም። አሁን ጥያቄያችን በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልተጻፈ፣ ያንንም የሥራ አስፈጻሚው አባላት በሙሉ ካልፈረሙበት፣ ቀጠሮ አንይዝም።

ሁለተኛው ቆጠራ ነው። ሰርጀን ከማንም በላይ ማስረጃ አለው፣ ግን መዝገቡ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። የኦ.አር. (የቀዶ ሕክምና ክፍል) መዝገቡን ክፈቱት እስቲ። ስም፣ ዕድሜ፣ ምርመራ፣ የተሠራው ኦፕሬሽን፣ የሠራው ሰው። የእናትየው ወረዳ የለም። በስንተኛው ቀን እንደመጣች የለም። ከእርግዝና በፊት ፎሊክ አሲድ ወስዳ እንደሆነ የጠየቀም የለም። ማኅበሩ በአባላቱ ሆስፒታሎች ሁሉ አንድ ዓይነት ባለ ስድስት ዓምድ ቅጽ ቢያሰራጭና በየሆስፒታሉ አንድ ሬዚደንት (በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም) ኃላፊነት ቢወስድ፣ ከዓመት በኋላ ማንም የማይክደው ቁጥር ይኖራችኋል። የታካሚዎችን ስም ከቅጹ አውጡ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድም ቀድማችሁ አግኙ። በኋላ ላይ ጣጣ እንዳይመጣ።

ሦስተኛው፣ የሚወስነው ማን እንደሆነ እወቁ። እኛ ሐኪሞች ሁሉም ነገር ጤና ጥበቃ ጋ የሚያልቅ ይመስለናል። የዱቄቱ ጉዳይ ግን የደረጃዎች መሥሪያ ቤት፣ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው፣ የኢንዱስትሪው ዘርፍና የዱቄት ፋብሪካዎች ጉዳይም ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት ማበልጸግን አስገዳጅ አድርጋለች። ትልቅ እርምጃ ነው፣ ደስ ብሎኛል። ግን ገጠር ያለችው እናት የምትበላው በሰፈሩ ወፍጮ ያስፈጨችውን ጤፍ፣ በቆሎ ወይም ማሽላ ነው፤ የፋብሪካ ዱቄት እጇ አይገባም። እኛ ጠረጴዛ ላይ የሚመጡት ብዙዎቹ ደግሞ የእሷ ልጆች ናቸው። ጨው ግን እያንዳንዱ ጓዳ ይገባል። ጨው አዮዲን እንዲኖረው እ.ኤ.አ. በ2011 ግዴታ ሆኗል። አብዛኛው ጨው የሚመጣው ከአፋር፣ ከአፍዴራ አካባቢ ስለሆነ መነሻውም ይታወቃል። ለዚህ ነው ፎሊክ አሲድን ጨው ውስጥ የመጨመሩ ሐሳብ እኛ አገር በቁም ነገር መታየት ያለበት። ይህን ዝርዝር ሳታውቁ «ምግብ ይበልጽግ» ብላችሁ ብትሄዱ «በልጽጓል እኮ!» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ።

አራተኛ፣ ሰርጀን ብቻ ሆናችሁ አትሂዱ። የሰመመን ባለሙያዎቹን፣ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞቹን፣ የሕፃናት ሐኪሞቹን፣ ሚድዋይፎቹን፣ የሥነ ምግብ ሰዎችን ያዙ። የወላጆችን ድምፅ ደግሞ በምንም አትተኩት። አንዲት እናት ስለ ሸንቱ፣ ሽንት ስለሚወጣበት ካቴተር፣ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ትምህርት ቤት ስለምታደርስበት መንገድ አምስት ደቂቃ ብትናገር፣ እኛ በሰዓት የማንለውን ትላለች። ፈቃደኛ ከሆነች ብቻ፣ ትራንስፖርቷንም ማኅበሩ ችሎ።

በዓለም ደረጃ የሆነውን ተመልከቱ። ኒውሮሰርጀኖች በየማኅበሮቻቸውና በዓለም አቀፍ ፌዴሬሽናቸው በኩል ስለ ፎሊክ አሲድ ሲወተውቱ ቆዩ። ግን በዓለም ጤና ጉባኤ ላይ ድምፅ ያለው መንግሥት እንጂ ሐኪም አይደለም። ስለዚህ መንግሥታትን አሳመኑ፣ ኮሎምቢያ ፊት ሆና ይዛው ገባች፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ጉባኤው ምግብን በማበልጸግ ስፓይና ቢፊዳን ስለመከላከል ውሳኔ አጸደቀ። ስሙ በመንግሥታት ተጻፈ፣ ሥራው ግን በየኦ.አር.ሩ የጀመረ ነው። እናንተም «ማን አስፈረመው» የሚለው ላይ አትጣሉ፤ ብዙ ማኅበር የሚፈርሰው እዚያ ላይ ነው።

አንድ የሚከብድ ነገር አለ። የዲዩቲ (የተረኝነት) ክፍያና የደመወዝ ጥያቄ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ እኔም እጠይቃለሁ። ነገር ግን ከታካሚው ጉዳይ ጋር በአንድ ደብዳቤ አትጻፉት። ሁለቱን ስትቀላቅሉ የሚያነበው ሰው የሚያየው ክፍያውን ብቻ ነው፣ የሕፃኑም ጉዳይ የመደራደሪያ ዕቃ ይመስላል። ሁለት ደብዳቤ፣ ሁለት ቀጠሮ፣ ቢቻል ሁለት ኮሚቴ። የጥቅም ግጭትም እንደዚሁ ነው። ፎሊክ አሲድ ከሚያስመጣ ድርጅት ለጉባኤያችሁ ስፖንሰር ከወሰዳችሁ ራሳችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን፣ በአማርኛ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሃያ ገጽ ሰነድ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያድረው። ላይኛው መስመር ላይ ጥያቄው፣ ቀጥሎ የራሳችሁ ቁጥር፣ ቀጥሎ ወጪው፣ ታች ላይ የሚከታተለው ሰው ስምና ስልክ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉት፣ ቁጥሩን ያዙ፣ ቅጂውን ፋይል አድርጉ። ሚኒስትር ይቀየራል፣ የማኅበር ፕሬዝዳንትም ይቀየራል። ፋይሉ ከሌለ አዲሱ ሰው ከዜሮ ይጀምራል።

አብዛኞቻችን የምንሰንፈው ከተፈረመ በኋላ ነው። አዋጅ ወጣ፣ ፎቶ ተነሣን፣ ወደ ኦ.አር. ተመለስን። ዱቄቱ ውስጥ ግን በእርግጥ ገብቷል ወይ? ናሙና የሚወስደው ማነው? በየስንት ወሩ? ውጤቱ ለማን ይነገራል? እነዚህን በየሩብ ዓመቱ በጽሑፍ ጠይቁ። ያቺን ባለ ስድስት ዓምድ ቅጽም መሙላት አታቁሙ፤ የሕፃናቱ ቁጥር መቀነሱን ከማንም በፊት የሚያየው ሰርጀኑ ነው፣ አለመቀነሱንም። የሚከታተለው ሰው ስምና የሚቀጥለው ስብሰባ ቀን ቃለ ጉባኤው ላይ ሳይሰፍር ከአዳራሹ አትውጡ።