የቤት ውስጥ የብስክሌት ስልጠናን በልብ ምት ቀጠና እንዴት መምራት ይቻላል?

ጎን ለጎን ተቀምጠው ፔዳል ከሚረግጡ ሁለት ሰልጣኞች አንዱ የልብ ምቱ በደቂቃ 150 ደርሶ እንኳ ሳይቸገር ሲያወራ፣ ሌላው በዚያው ቁጥር ላይ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ስለዚህ አሰልጣኙ ለክፍሉ ሁሉ የሚጠራው ቁጥርን ሳይሆን ቀጠናን፣ ማለትም ከየሰልጣኙ የልብ ምት አንጻር የተሰላ የምት ክልልን፣ መሆን አለበት፤ ቁጥሩን ደግሞ እያንዳንዱ ሰልጣኝ አስቀድሞ ለራሱ አስልቶ ይዞ ይመጣል።

ከስሌቱ በፊት የጤና ጥያቄ ይቀድማል። የልብ ሕመም ያለበት ወይም ሲንቀሳቀስ ደረቱን የሚያመው ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ወደ ከባድ ልምምድ መግባት የለበትም። ቤታ ብሎከር የሚባሉትን መድኃኒቶች የሚወስድ ሰልጣኝም የልብ ምቱ በመድኃኒቱ ምክንያት ስለሚቀንስ፣ በቀመር የተሰላ ቀጠና ያሳስተዋል፤ እሱን በትንፋሹና በድካም ስሜቱ መምራት ይሻላል።

ቀጥሎ ከፍተኛው የልብ ምት ይገመታል። ብዙዎች የሚያውቁት ዕድሜን ከ220 መቀነስን ነው፤ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመው ቀመር ግን ዕድሜን በ0.7 አባዝቶ ከ208 ይቀንሳል፤ በተለይ ዕድሜያቸው ለገፋ ሰልጣኞች ይህኛው ይመረጣል። ሁለቱም አማካይ ግምቶች ስለሆኑ በአንድ ሰው ላይ በ10 ምትና ከዚያም በላይ ሊስቱ ይችላሉ። የዕረፍት ልብ ምት የሚለካው ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ በመቁጠር ሲሆን፣ የሦስት ቀን አማካይ ቢወሰድ ይመረጣል።

አሁን የዕረፍቱን ምት ከከፍተኛው ቀንሱ፤ ልዩነቱን በሚፈለገው መቶኛ አባዙና የዕረፍቱን ምት መልሳችሁ ደምሩበት። የ40 ዓመት ሰልጣኝ ከፍተኛ ምቱ 180፣ የዕረፍቱ 60 ቢሆን ልዩነቱ 120 ነው፤ ከ60 እስከ 70 በመቶ ያለው ሁለተኛው ቀጠናውም ከ132 እስከ 144 ይሆናል። ቀጠናዎቹ አምስት ናቸው፤ ከ50 በመቶ ጀምረው በየ10 በመቶው ከፍ ይላሉ። በሁለተኛው ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ይቻላል፤ በሦስተኛው ንግግሩ መቆራረጥ ይጀምራል፤ በአራተኛው ጥቂት ቃላት ብቻ ይወጣሉ፤ በአምስተኛው ማውራት አይታሰብም። ቁጥሩና ትንፋሹ ካልተስማሙ ትንፋሹን አምኖ ቁጥሩን ማስተካከል ይገባል።

ለመለኪያ የደረት ቀበቶ ከእጅ ሰዓት ይበልጥ ይታመናል፤ የብስክሌቱን መሪ አጥብቆ የያዘና የታጠፈ የእጅ አንጓ የሰዓቱን ንባብ ያዛባልና።

አሰልጣኞች አብዝተው የሚሳሳቱት ልብ ዘግይቶ እንደሚከተል በመዘንጋት ነው። አራተኛ ቀጠና ተብሎ ሲታዘዝ አንዲት ሰልጣኝ ጭነቱን (ፔዳሉን የሚያከብደውን ኃይል) ትጨምራለች፤ ከ30 ሰከንድ በኋላ ሰዓቷ ገና ሦስተኛውን ስለሚያሳያት አሁንም ማዞሪያውን ታጠብቃለች፤ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ አምስተኛው ውስጥ ገብታ እግሯ ይዝላል። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ አሰልጣኙ «ጭነቱን አንድ ጊዜ ጨምሩ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ሰዓታችሁን እዩ» ሊላት ይገባ ነበር። ከአንድ ደቂቃ ለሚያንስ ፈጣን ልምምድ ደግሞ ቀጠና መጥራት ጥቅም የለውም፤ እዚያ የድካም ስሜትን ከ10 በሚሰጥ ነጥብ መምራት ይበቃል።

ለ45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 10 ደቂቃ ቀስ በቀስ እስከ ሁለተኛው ቀጠና ማሟሟቅ፣ ከዚያ አምስት አምስት ደቂቃ በአራተኛው ቀጠና አራት ጊዜ፣ በመካከላቸው ሦስት ሦስት ደቂቃ ቀለል ያለ ማገገሚያ፣ በመጨረሻም 6 ደቂቃ ማቀዝቀዣ ማድረግ ይቻላል። በማገገሚያው ጊዜ ምቱ ወደ ሁለተኛው ቀጠና ያልወረደ ሰልጣኝ ቀጣዩን ዙር በሦስተኛው ይሥራ።

ክፍሉ ውስጥ ነፋስ ስለሌለ ሙቀትና ላብ የልብ ምትን ጉልበት ሳይጨመር እንኳ ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ አየር ማራገቢያውን ከመጀመሪያው ክፈቱ፣ ውኃ አስጠጡ፤ ረጅምና ቀለል ያለ ልምምድ በሚሠራበት ቀን ምቱ ከቀጠናው ሲወጣ ጭነቱን ማስቀነስ ያስፈልጋል። ማዞር ወይም የደረት ሕመም የተሰማው ሰው ግን ሰዓቱ ምንም ቢያሳይ ወዲያውኑ ያቁም።

ከመጨረሻው ከባድ ዙር በኋላ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ምቱ በስንት እንደወረደ እያንዳንዱ ይመዝግብ። ከሳምንታት በኋላ ይህ ቁጥር ከፍ ካለ፣ ወይም በዚያው ጭነትና ፍጥነት ምቱ ዝቅ ብሎ ከታየ፣ የዕረፍቱን ምት እንደገና ለክታችሁ ቀጠናዎቹን አድሱለት።