የሚያብሰለስላችሁን ነገር ወደ ታሪክ እንዴት መቀየር ይቻላል

አባቴ ሲያርፍ አልደረስኩም። ሦስት ጊዜ ተደውሎልኛል። ስልኬ ድምፁ ጠፍቶ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለአራት ወር ያህል ማታ ማታ ደብተር ላይ ጻፍኩ። «ጻፊው፣ ይወጣልሻል» ተብዬ ነበር። አልወጣልኝም፤ እንዲያውም ባሰብኝ። አንድ ቀን ደብተሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ሳነበው ነገሩ ገባኝ። ገጹ ይለያያል እንጂ ጽሑፉ ያው ነው። «ስልኩን ባነሳው ኖሮ» ብሎ ይጀምርና እዚያው ላይ ያልቃል።

ታሪኬን እየጻፍኩ መስሎኝ ነበር። ለካ እያብሰለሰልኩ ነበር። ማብሰልሰል አንድ ቦታ ላይ ይመላለሳል። ታሪክ ግን ከአንድ ቦታ ተነስቶ ሌላ ቦታ ይደርሳል፤ መሃሉ ላይ «ምክንያቱም» የሚል ቃል አለው። ከዚህ በታች ያለውን የተማርኩት ከእነዚያ አራት ወራት በኋላ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ነገሩ ገና ትኩስ ከሆነ ቆዩ። ከባድ ነገር የደረሰበትን ሰው በነጋታው አስቀምጦ ዝርዝሩን ማናገር እንደ እርዳታ ይታይ ነበር። አሁን ግን አይመከርም። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች ጋር በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ፣ ማንንም ታሪኩን እንዲናገር አትጫኑት ይላል። ለራሳችሁም እንደዚያው አድርጉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት እንቅልፍ፣ ምግብና አጠገባችሁ የሚቀመጥ ሰው ይበልጣሉ።

ጊዜውን ወስኑ፣ ከዚያ ጻፉ

ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ለአራት ተከታታይ ቀናት። በቃ። እኔ የተሳሳትኩት አንዱ እዚህ ጋ ነው፤ ማቆሚያ አልነበረኝም።

ይህ ልክ የመጣው ከጄምስ ፔኔቤከር ነው። አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው። ከሳንድራ ቢል ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ተማሪዎች ለአራት ቀናት፣ በቀን ለ15 ደቂቃ ጻፉ። አንዳንዶቹ ስለ ተራ ነገር፣ ሌሎቹ በሕይወታቸው በጣም ስላስጨነቃቸው ነገር። የሆነውንም የተሰማቸውንም አብረው የጻፉት ልክ እንደጨረሱ ስሜታቸው ከፍቶ ነበር። በቀጣዮቹ ወራት ግን ወደ ጤና ማዕከል የሄዱት ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥናት ተሠርቷል። በአማካይ ሲታይ ጥቅሙ አለ፣ ግን ትንሽ ነው፤ ለሁሉም ሰውም አይሠራም። ስለዚህ ጽፋችሁ ስትነሱ ከከፋችሁ አትደንግጡ፤ ካልሠራላችሁም ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።

ወረቀትና እስክሪብቶ እመርጣለሁ። ስልክ ላይ ስጽፍ መልእክት ይገባና ሐሳቤ ይቆረጣል። በየቀኑ «ዛሬ ምን ተሰማሽ» ብለው ፊት የሚያስመርጡ አፖች ደግሞ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ስሜትን ይቆጥራሉ እንጂ ታሪክ አይሠሩም። ፊደል ብትሳሳቱ ችግር የለውም። ሰው ያነብብኛል ብላችሁ ከፈራችሁ ጽፋችሁ ቅደዱት።

ዋናው ሥራ፦ ታሪኩን ከራስ ትንሽ ማራቅ

የመጀመሪያው ቀን ጽሑፍ እንደመጣ ይምጣ። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ግን እንዲህ አድርጉ።

ሙሉ ዘመናችሁን ሳይሆን አንድ ቀን ምረጡ። ቢቻል አንድ ሰዓት። ከዚያ «እኔ» የሚለውን ትታችሁ «እሷ» ወይም «እሱ» ብላችሁ ጻፉት፤ በስማችሁም ይሆናል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኢታን ክሮስና ባልደረቦቹ፣ ሰው ስለ ራሱ በገዛ ስሙ ሲያስብ ከስሜቱ ትንሽ ራቅ ብሎ ማየት እንደሚቀለው አሳይተዋል። ስሰማው ተራ የቃላት ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ከዚያ «አላነሳሁም» የሚለውን «አላነሳችም» ብዬ ጻፍኩት። የተቀየረችው አንዲት ፊደል ናት። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለዚያች ሴት አዘንኩላት።

ቀጥሎ ገጹን በመስመር ለሁለት ክፈሉት። በአንዱ በኩል ያኔ ታውቁት የነበረውን ጻፉ። በሌላው በኩል አሁን የምታውቁትን። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። ምክንያቱም አእምሯችን በኋላ ያወቅነውን ወስዶ ያኔም እናውቀው እንደነበር አድርጎ ይለጥፈዋል። «ማወቅ ነበረብኝ» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የእኔ ገጽ እንዲህ ነበር። ያኔ፦ ጠዋት ሐኪሙ «እየተሻለው ነው» ብሏል። አባቴ ራሱ በስልክ መነጽሬን አምጪልኝ ብሎኛል። ማታ ልሄድ መነጽሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። አሁን፦ ሕመሙ የተነሳበት በድንገት ነው። በመጀመሪያው ጥሪና በመጨረሻው መካከል ያለው ሃያ ደቂቃ ነው። መንገዱ ደግሞ አንድ ሰዓት ይፈጃል።

አራት ወር ሙሉ ያንን ሃያ ደቂቃ አላሰላሁትም ነበር። ስልኩን ባነሳው እንኳ አልደርስም ነበር። የአባቴን ድምፅ ልሰማ እችል ይሆናል፤ እሱ አሁንም ያመኛል። ግን «በእኔ ምክንያት ብቻውን ሞተ» ከሚለው ጋር አንድ አይደለም።

የሁሉም ሰው ገጽ ግን ነጻ አያወጣም። በእውነት ያጠፋችሁት ነገር ሊገኝ ይችላል። እንዲያ ከሆነ አታለሳልሱት። «አጠፋች፤ ምክንያቱም እንዲህ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ይህን አደረገች» ብላችሁ ቀጥሉ። ያላደረጋችሁት ካለ፣ ለምሳሌ ያልተጠየቀ ይቅርታ፣ ጽሑፉ ቀጣዩን ሥራ ያሳያችኋል።

በመጨረሻው ቀን ታሪኩን ከሚያቆምበት ቦታ አሳልፋችሁ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ማን መጣ? ምን ቻላችሁ? ደስ የሚል መጨረሻ በግድ አትፍጠሩለት። ፔኔቤከር የተሳታፊዎቹን ጽሑፍ ሲመረምር፣ የበለጠ የተጠቀሙት ከቀን ወደ ቀን «ምክንያቱም» እና «ገባኝ» ዓይነት ቃላት የበዙላቸው ናቸው። እኔም አራተኛውን ቀን ስጨርስ እነዚህን ቃላት አሰምርባቸዋለሁ። ከሌሉ አሁንም እያብሰለሰልኩ ነው ማለት ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት አቆማለሁ።

ለማን ልንገር?

ለሰው መንገር ግዴታ አይደለም። ልትነግሩ ከፈለጋችሁ ግን ሰውየውን ምረጡ፣ አስቀድማችሁም ጠይቁት፦ «ምክር አልፈልግም፣ ግማሽ ሰዓት ስማኝ ብቻ።» እኔ ይህን ሳላደርግ ለምቀርባት ሰው በችኮላ ነገርኳት። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ «አይዞሽ፣ እርሺው» አለችኝ። ክፋት የላትም። ለወራት ግን ደግሜ አፌን አልከፈትኩም።

ሶሻል ሚዲያ ላይ ለመልቀቅ አትቸኩሉ። ሌሊት ለቅቄ ጠዋት ያጠፋሁት ጽሑፍ አለኝ፤ እስከዚያው ያነበበው ሰው ብዙ ነበር። ማንም መልስ ባይሰጣችሁ እንኳ የማይጎዳችሁ ደረጃ ላይ ስትደርሱ ልቀቁት። በታሪኩ ውስጥ ያለው የሌላ ሰው ገመና ደግሞ የእናንተ አይደለም። ጠይቁ፣ ወይም አውጡት።

መቼ ማቆም አለባችሁ

እየጻፋችሁ ልትቋቋሙት የማትችሉት ስሜት ከመጣ እዚያው አቁሙ፤ ሌላ ነገር ጻፉ ወይም ተነሱ። ነገሩ አሁን እየሆነ ያለ ያህል ከተመለሰባችሁ፣ እንቅልፍ ካጣችሁ ወይም ሐዘኑ ለሳምንታት እየባሰ ከሄደ ብቻችሁን አትሥሩት። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ሂዱ። ራሳችሁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባችሁ ደግሞ ደብተሩን ተዉት፤ ዛሬውኑ አጠገባችሁ ላለ ሰው ንገሩ፣ ሐኪም ጋ ይውሰዳችሁ።

የጻፋችሁትን ከአንድ ወር በኋላ እንደገና አንብቡት። የሚቀየር ነገር ታገኛላችሁ፤ ቀይሩት። የእኔ ታሪክ ለመጨረሻ ጊዜ ስጽፈው ስድስት ገጽ ሆነ። ሦስተኛው ጥሪ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። በቀሩት አራት ገጾች መነጽሩን ማን እንደወሰደው ጽፌያለሁ።