በጃቫ መልቲፓርት ጥያቄዎች ላይ የሚያጋጥም የዳታ ዓይነት ልወጣ ስህተት እንዴት ይስተካከላል

የምርት መረጃና ፎቶ በአንድ ፎርም ሲላኩ በስፕሪንግ ቡት (በጃቫ የዌብ ፕሮግራም መሥሪያ ማዕቀፍ) የተሠራ ሰርቨር አንዳንድ ጊዜ 400፣ አንዳንድ ጊዜ 415፣ አልፎ አልፎም 500 የሚል የኤችቲቲፒ የስህተት ቁጥር ይመልሳል። እያንዳንዱ ቁጥር የሚጠቁመው የተለየ ችግር ስለሆነ፣ የጃቫውን ኮድ ከመነካካት በፊት የትኛው እንደመጣ ማጣራት ብዙ ልፋት ይቀንሳል።

መልቲፓርት ጥያቄ በርካታ ክፍሎች ያሉት መልእክት ነው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ስም አለው፤ የይዘቱን ዓይነት የሚገልጽ የራሱ ሄደርም ሊኖረው ይችላል። ሪኩዌስትፓራም የተባለው አኖቴሽን (በጃቫ ኮድ ላይ የሚጻፍ ምልክት) ጽሑፉን በኮንቨርተር፣ ማለትም በዓይነት ለዋጭ፣ ወደ ቁጥር፣ ወደ ቀን ወይም ወደ ኢነም (የተወሰኑ አማራጮች ዝርዝር) ይቀይራል። ሪኩዌስትፓርት ግን የክፍሉን ሄደር ተመልክቶ ሥራውን ጄሰን የተባለውን የዳታ ጽሑፍ ቅርጽ ወደ ጃቫ ኦብጀክት ለሚቀይረው እንደ ጃክሰን ላለ መልእክት ለዋጭ ያስረክባል። አብዛኛው ስህተት የሚመነጨው የተላከው ክፍልና የተመረጠው አኖቴሽን ሳይጣጣሙ ሲቀሩ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ በብራውዘሩ የዴቨሎፐር መሣሪያ ውስጥ ኔትወርክ የሚለውን ክፍል ይክፈቱና የተላከውን ጥያቄ እንዳለ ያንብቡ። በሰርቨሩ በኩል ደግሞ የስፕሪንግ ዌብን ሎግ ወደ ዲበግ ደረጃ ከፍ ያድርጉ።

የመጣው 415 ከሆነና መልእክቱ አፕሊኬሽን/ኦክቴት-ስትሪም አይደገፍም የሚል ከሆነ፣ የጄሰኑ ክፍል ያለ ሄደር ተልኳል ማለት ነው። በጃቫስክሪፕት ፎርምዳታ ላይ ተራ ጽሑፍ ሲጨመር ሄደር አይጻፍለትም። መፍትሔው ጄሰኑን አፕሊኬሽን/ጄሰን የሚል ዓይነት በተሰጠው ብሎብ (የራሱ ዓይነት ያለው የዳታ ጥቅል) ውስጥ አድርጎ መጨመር ነው። የጠቅላላውን ጥያቄ የይዘት ዓይነት ግን በእጅ አይጻፉ፤ ክፍሎቹን የሚለየው ባውንደሪ (የመለያ ምልክት) ይጠፋና ሰርቨሩ ምንም ማንበብ ያቅተዋል። ላኪው ፕሮግራም በእርስዎ እጅ ካልሆነ፣ ክፍሉን በሪኩዌስትፓራም እንደ ስትሪንግ ተቀብለው በጃክሰን ኦብጀክትማፐር ወደ ክላሱ ይለውጡት።

500 መጥቶ ሎጉ ተስማሚ የልወጣ ስልት አልተገኘም ካለ፣ ብዙውን ጊዜ ሙሉ ኦብጀክት በሪኩዌስትፓራም እንዲነበብ ተጠይቋል። አኖቴሽኑን ወደ ሪኩዌስትፓርት ይቀይሩ። የፎቶው መስክ በሞዴሉ ክላስ ውስጥ ስትሪንግ ሆኖ ከተገለጸም ልወጣው ይከሽፋል፤ ለሚመጣው ፋይል መልቲፓርትፋይል የሆነ መስክ ይስጡት፣ በዳታቤዝ የሚቀመጠውን የፋይል ስም ደግሞ በሌላ መስክ ይያዙ።

400 ሲመጣ ዓይነቱ ይታወቃል፤ ያልተስማማው እሴቱ ነው። ባዶ የተተወ የብዛት ሳጥን ኢንት ለሆነ መስክ አይሆንም፤ ኢንቲጀር ቢሆን ግን ናል (እሴት የሌለው) ይሆናል። 1,250.00 ተብሎ የተጻፈ ዋጋም በኮማው ምክንያት ወደ ቢግዴሲማል አይለወጥም፤ በነምበርፎርማት ቅርጹን መግለጽ ያስፈልጋል።

ለአገራችን ፕሮግራሞች ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ቀን ነው። ዴትታይምፎርማት የተባለውን አኖቴሽን በአይኤስኦ ቅርጽ (ዓመት-ወር-ቀን) ካዘጋጁ በኋላ ተጠቃሚው ጳጉሜን 3 ቀን 2017ን 2017-13-03 ብሎ ቢልክ፣ ሎካልዴት (የጃቫ የቀን ዓይነት) 13ኛ ወር ስለማያውቅ ጥያቄው ይወድቃል። ጥቅምት 30፣ ማለትም 2017-02-30፣ ፌብሩዋሪ ላይ 30ኛ ቀን እንደሌለ ተቆጥሮ እንዲሁ ይወድቃል። የከፋው ግን ስህተት ሳያሳይ የሚያልፈው ነው፦ ኅዳር 15 ቀን 2017 ተብሎ የታሰበው 2017-03-15 በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ማርች 15 ቀን 2017 ሆኖ ይመዘገባል፤ ትክክለኛው ቀን ግን ኖቬምበር 24 ቀን 2024 ነበር። በመሆኑም የቀኑን ክፍል እንደ ስትሪንግ ይቀበሉ፣ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን ለይተው በስሪቴን-ኤክስትራ ላይብረሪ ባለው ኢትዮፒክዴት ይገንቡ፣ ከዚያም ወደ ሎካልዴት ይለውጡት። ይህን ሥራ በአንድ ኮንቨርተር ክላስ ውስጥ ጽፈው ቢመዘግቡት በየኮንትሮለሩ መድገም አያስፈልግም፤ ሆኖም ኮንቨርተሩ በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ከሚላኩ ቀኖች ጋር እንዳይደባለቅ፣ ለኢትዮጵያ ቀን የራሱን የጃቫ ዓይነት ቢሰጡት ይመረጣል።

በመጨረሻ በሞክ-ኤምቪሲ (በስፕሪንግ የፈተና መሣሪያ) ፈተና ይጻፉ። የጄሰኑን ክፍል አንድ ጊዜ ከሄደሩ ጋር፣ አንድ ጊዜ ያለ ሄደሩ፣ ዋጋውን በኮማ፣ ብዛቱን በባዶ፣ ቀኑንም በጳጉሜን ይላኩና እያንዳንዱ የሚጠበቀውን መልስ መስጠቱን ያረጋግጡ።