የሱቅ ዱቤ፣ የስልክ ብድርና የወጣ እቁብ፦ የተበታተነ እዳን አንድ በአንድ እንዴት መዝጋት ይቻላል

«እዳ ከሜዳ» ይባላል። የእኔ ግን ከሜዳ አልመጣም። ከሱቅ፣ ከስልክ፣ ከእቁብና ከጓደኛ ነው የመጣው። ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ስራዬ መክሲኮ። ማታ ታክሲ ቀያይሬ ሰፈር ስደርስ ቦርሳዬ ውስጥ የሚቀረው ሳንቲም ነው። ዘይቱንም እንቁላሉንም «ደብተር ላይ ጻፍልኝ» እያልኩ ነበር ወደ ቤት የምወጣው።

ፈረንጆቹ ስለ እዳ ሲያወሩ ክሬዲት ካርድ ነው የሚያነሱት። አብዛኞቻችን ኪስ ውስጥ ያለው የኤቲኤም ካርድ ነው፤ የሚያወጣው የራሳችንን ገንዘብ ነው፣ እሱም ካለ። የኛ ክሬዲት ካርድ ሌላ ቦታ ተቀምጧል። የባለሱቁ ደብተር አለ። በስልክ የሚያበድረው ቴሌብር መላ አለ። ሂሳብ ሲጎድል እየሞላ ክፍያ የሚያስፈጽመው እንደኪሴ አለ። ሌላው የስልክ ብድር፣ ሚቹ፣ አለ። እቃውን አሁን ወስደን በኋላ የምንከፍልበት «ዱቤ አለ» የሚባልም አለ።

የካርድ እዳ አንድ ደግ ነገር አለው፤ ባንኩ በየወሩ ጠቅላላውን ደምሮ ይልካል። የኛን ግን ማንም አይደምርልንም። ስለዚህ ስራው የሚጀምረው ከመደመር ነው።

አንደኛ፦ ሁሉንም አንድ ገጽ ላይ አምጡት

እሁድ ማታ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ አንድ ወረቀት ያዙ። አራት ቦታ ክፈሉት፦ ለማን፣ ስንት ቀረ፣ መቼ ይከፈላል፣ ቢዘገይ ምን ያመጣል። የመጨረሻው ላይ ወለድ ሊጻፍ ይችላል፣ የአገልግሎት ክፍያ ወይም ቅጣት ሊጻፍ ይችላል። ጓደኛን ከሩቅ አይቶ መንገድ መቀየርም ዋጋ ነው። እሱንም ጻፉት።

ጭንቅላታችሁ ውስጥ ያለውን ቁጥር አትመኑት። እኔ የሱቁ ዱቤ ቢበዛ 2,000 ብር ይሆናል ብዬ ነበር። ሄጄ «ወንድሜ፣ እስቲ የኔን ደምርልኝ» አልኩት። ባለሱቁ ደነገጠ።

«ምነው እህቴ፣ ቤት ልትለቂ ነው እንዴ?»

እውነቱን ነው። እኛ ሰፈር ተከራይ ሂሳብ ሲጠይቅ እቃ ሊጭን ነው ማለት ነው። አለመሆኑን ነግሬው ደብተሩን ከመሳቢያ አወጣ። ጥጉ በዘይት ወዝቷል። ስሜ ሶስት ገጽ ይዟል፦ ስኳር ግማሽ፣ ሳሙና 1፣ እንቁላል 4፣ ደግሞ እንቁላል 4። በአውራ ጣቱ እየወረደ በስልኩ ደመረው። 3,400 ወጣ።

የስልኩ ብድር 6,000 ነበር። ጓደኛዬ ዘንድ 10,000። የመስሪያ ቤታችን ቁጠባና ብድር ማህበር 48,000። እስከዚህ ድረስ ማንም ይጽፈዋል። ብዙ ሰው የሚዘለው እቁቡን ነው። እቁብ ሲወጣ ደስ ይላል፣ ፍሪጅም ይገዛበታል። ከዚያ በኋላ የምትጥሉት እያንዳንዱ ዙር ግን እዳ መክፈል ነው። ለእኔ 7 ወር ቀርቶኝ ነበር፤ በወር 3,000፣ በድምሩ 21,000። እቁብ ውስጥ መጀመሪያ የሚደርሰው ሰው ተበዳሪ ነው፣ መጨረሻ የሚደርሰው ቆጣቢ ነው። ስሙ አንድ ስለሆነ ሁላችንም የቆጠብን ይመስለናል።

ድምሩ 88,400 ብር ሆነ። ወረቀቱን አጥፌ ብርጭቆ ስር አድርጌ ተኛሁ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ሁለተኛ፦ የሚሽከረከረውን ብድር ቀስ በቀስ ቀንሱት

«ከነገ ጀምሮ አልበደርም» ማለት ቀላል ነው። ደሞዝ ሲገባ የስልኩን ብድር ትከፍላላችሁ፤ ከዚያ ኪሳችሁ ስለሚሳሳ ማታውኑ ያንኑ መልሳችሁ ትወስዳላችሁ። ይሄ ሽክርክሪት ምን እንደሚበላ በምሳሌ እንየው። አንድ ብድር ለአንድ ወር 5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይቆርጣል እንበል። 6,000 ብር እየመለሱ መልሶ መበደር በወር 300 ብር ያስወጣል። በአመት 3,600 ብር። ዋናው 6,000 ግን ንክች አላለም።

ክሬዲት ካርድ ያላቸውም የሚወድቁበት ጉድጓድ ይኸው ነው። ካርዱ በየወሩ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ክፍያ ትንሽ ነው። እሱን ብቻ የሚከፍል ሰው ወለዱን ሲቀልብ ይኖራል።

በአንዴ ማቆም ካልቻላችሁ በደረጃ ውረዱ። 6,000 ከፍላችሁ 5,400 ውሰዱ። በሚቀጥለው ወር ከዚያ ያነሰ። ስልኩ «እስከዚህ ድረስ መበደር ይችላሉ» እያለ ትልቅ ቁጥር ያሳያችኋል። ያ ጣሪያ ነው፣ ምክር አይደለም።

የሱቁ ዱቤ ደግሞ የሚቆመው ባለሱቁን በመሸሽ አይደለም። ጭራሽ ሌላ ሱቅ ሄዳችሁ ሁለተኛ ደብተር ታስከፍታላችሁ (አውቀዋለሁ፣ አድርጌዋለሁ)። እኔ የበጀኝ ደሞዝ የገባ ቀን የወሩን ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና በጅምላ መግዛት ነው፤ አንዳንዴ ከሸማቾች ማህበር፣ አንዳንዴ ከእሁድ ገበያ። ወር አጋማሽ ላይ እቤት ዘይት ካለ ደብተሩም ያርፋል።

ሶስተኛ፦ በወር ስንት መክፈል እንደምትችሉ ሳትዋሹ ቁረጡ

አንድ መለኪያ ልስጣችሁ። የአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሰሪ ከሰራተኛው የሚቆርጠው ገንዘብ ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ሰው በቀረው ይኑር ብሎ ነው። እናንተም በራሳችሁ ላይ ከዚያ የጨከነ አሰሪ አትሁኑ። «ግማሹን ደሞዜን ለእዳ» ያለ ሰው በ20ኛው ቀን መልሶ ተበዳሪ ነው።

ከዚያ ለአንድ ሳምንት ብቻ ወጪ መዝግቡ። ወር ሙሉ አትመዝግቡ፣ አይዘልቅም። ዳር ላለን ሰዎች መልሱ ብዙ ጊዜ ትራንስፖርት ላይ ነው። እኔ ከምሳ ይልቅ መንገድ እንደሚበላኝ ያወቅኩት በዚያ ሳምንት ነው። ጠዋት 20 ደቂቃ ቀድሜ ስወጣ አውቶቡስ እደርሳለሁ፤ ሳረፍድ ታክሲ እቆራርጣለሁ። ሲመሽ ደግሞ አራት ሆነን የኮንትራት እንከፍላለን። እንቅልፌ ስንት ብር እንደሚያወጣ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ከዚያ ወዲህ ማንቂያውን አላጠፋም፤ እሺ፣ ሰኞ ሰኞ አጠፋለሁ።

እንዲህ እንዲያ ብዬ፣ ከእቁቡና ከደሞዝ ከሚቆረጠው የማህበር ብድር ሌላ፣ በወር 4,000 ብር አገኘሁ።

አራተኛ፦ ቅደም ተከተል አውጡ

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ብዙ ወለድ ወይም ክፍያ ከሚያስወጣው መጀመር ነው። በሂሳብ ካየነው ትክክሉ ይሄ ነው፤ በድምሩ የምትከፍሉት ያንሳል። ሁለተኛው ከትንሹ መጀመር ነው። አንዱ ሲዘጋ ለእሱ ይከፈል የነበረው ወደሚቀጥለው ይዞራል።

በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2012 ባወጡት ጥናት እዳቸውን ለማቃለል ድርጅት ጋ የሄዱ ሰዎችን መዝገብ አይተው ነበር። ካሏቸው እዳዎች በቁጥር ብዙውን የዘጉት ሰዎች እስከ መጨረሻው የመዝለቅ እድላቸው የበለጠ ሆኖ ተገኘ። የገንዘቡ መጠን ያን ያህል አልለያቸውም። ስም ከዝርዝር ላይ መሰረዝ ለሰው ጉልበት ይሰጣል ማለት ነው።

እኔ ደባለቅሁት። መጀመሪያ ሱቁ፤ ትንሽ ነው፣ በየቀኑም ፊት ለፊቱ ነው የማልፈው። ቀጥሎ የስልኩ፤ ከሁሉም የሚያስወጣኝ እሱ ስለነበር። ከዚያ ጓደኛዬ። እቁቡ የራሱ ቀን አለው፣ አይነካም። የማህበሩ መጨረሻ ላይ፤ ወለዱ ዝቅተኛ ነው፣ ከደሞዝም ራሱ ይቆረጣል። ሁለት የስራ ባልደረቦቼ ዋስ ስለሆኑልኝ ግን አንድም ወር እንዳይዘለል እጠብቃለሁ። ዋስ ያለበት እዳ ላይ ብቻችሁን አይደላችሁም።

ሂሳቡ እንዲህ ነበር፣ የአገልግሎት ክፍያውን ትተን። በመጀመሪያው ወር 3,400 ለሱቁ፣ የተረፈው 600 ለስልኩ። በሁለተኛው ወር 4,000 ለስልኩ። በሶስተኛው 1,400 ስልኩን ይዘጋል፣ 2,600 ለጓደኛዬ። በአራተኛው 4,000፣ በአምስተኛው 3,400፤ የጓደኛዬም አለቀ። በአምስት ወር ሶስት እዳ።

ያ ወረቀቱ ላይ ነው። በእውነቱ ሰባት ወር ፈጀብኝ። አንድ ወር ልጄ ታመመች፣ አንድ ወር ፋሲካ ሆነ።

አምስተኛ፦ ሳይጠይቋችሁ ደውሉ

ይሉኝታ እዳን ያስረዝማል። ጓደኛዬን ለአራት ወር ስሸሻት ነበር። በመጨረሻ ደወልኩ። «ብርሽን አልረሳሁትም። እስከ ሰኔ ትንሽ ታገሺኝ፣ ከሰኔ ጀምሮ በየወሩ አስገባልሻለሁ» አልኳት። «ኧረ ተይው ባክሽ፣ መች ጠየቅኩሽ!» አለች።

እንዲህ ስትባሉ እዳው የተሰረዘ እንዳይመስላችሁ። «ተይው» ማለት በኛ አማርኛ ብዙ ጊዜ «እንኳን ደወልሽ» ማለት ነው። የመጀመሪያውን 2,600 ያስገባሁ ቀን እሷው ራሷ ደውላ ቡና ጋበዘችኝ። ከስንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መገናኘታችን ነበር።

ከማህበር ወይም ከባንክ ከሆነ የተበደራችሁት፣ ክፍያው ከማለፉ በፊት ሂዱ። ጊዜ ማራዘም የሚቻል ከሆነ የሚቻለው ያኔ ነው። ካለፈ በኋላ የምትነጋገሩት ስለ ቅጣት ነው።

ሙድ ሲጠፋ

ሁለተኛው ወር ላይ ሙዱ ይጠፋል። ደሞዝ ገባ፣ ወጣ፣ የገዛችሁት ነገር የለም። ለእኔ የሰሩት ነገሮች እነዚህ ናቸው።

ደሞዙ እንደገባ፣ ገና ከቢሮ ሳልወጣ፣ እከፍላለሁ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ከደረስኩ ሀሳቤ ይቀየራል፤ ከፊት ለፊት የተጠበሰ በቆሎ ይሸታል፣ ጎን ላይ ጫማ ተዘርግቷል።

ወረቀቱን የቁም ሳጥኑ በር ውስጠኛ በኩል ለጠፍኩት። እንግዳ አያየውም፣ እኔ ግን በየጠዋቱ ልብስ ሳወጣ አየዋለሁ። እያንዳንዱን 1,000 ብር በትንሽ ሳጥን ሳልኩት፤ 88 ሳጥን፣ ከትንሽ ቁራጭ ጋር። በከፈልኩ ቁጥር ልጄ በቀይ እርሳስ ትቀባዋለች። አንድ ወር ምንም ሳልቀባ ሳልፍ «እማ፣ ቀዩ አለቀ እንዴ?» አለችኝ። ከየትኛውም አበዳሪ የበለጠ ያሳፈረችኝ እሷ ናት።

አንድ እዳ ሲዘጋ አክብሩት፣ በርካሹ። ሱቁ ያለቀ ቀን ባለሱቁ ሶስቱንም ገጽ በእስክሪብቶ ሰያፍ አሰመረባቸውና «ገጹን ልቅደደው?» አለኝ። ቅደደው አልኩት። ወረቀቱን ይዤ ቤት ገባሁ፣ ጎረቤቴን ጠርቼ ቡና አፈላሁ፣ ከሰሉን የለኮስኩት በሱ ነው።

በአል ላይ ግን ከባድ ነው። ፋሲካን ከብድር ውጭ ለማለፍ የሞከረ ያውቀዋል። ከሶስት ወር በፊት ጀምሮ ለብቻው ትንሽ ማስቀመጥ፣ በጉንም ትቶ ቅርጫ መግባት ነው ያዋጣኝ። ጳጉሜን ደግሞ አትርሷት። ደሞዝ የላትም፣ ዳቦ ግን ይበላባታል፤ በላይዋ ላይ የትምህርት ቤት ምዝገባና እንቁጣጣሽ ተደራርበው ይመጣሉ። የነሀሴ ክፍያችሁን ቀድማችሁ ዝቅ አድርጉትና ለጳጉሜ አስቀምጡ። እቅዱን ራሳችሁ ስትቀንሱት እንደወደቃችሁ አይሰማችሁም።

አንድ ወር ካመለጣችሁ ደግሞ በሚቀጥለው ወር እጥፍ ለመክፈል አትሞክሩ። እኔ ሞክሬ የስልኩ ብድር ውስጥ ተመልሼ ልገባ ነበር። ያመለጠውን ተዉት፣ በተለመደው መጠን ቀጥሉ።

አሁን የቀረኝ የማህበሩ ብቻ ነው። እቁቡ ሲያልቅ የተለቀቀው 3,000 ብርም ወደዚያ ዞሯል። ባለፈው ሳምንት የሰፈራችን እቁብ ሰብሳቢ አዲስ ዙር ልትጀምር ስም እየጻፈች በራችንን አንኳኳች። አነስተኛ እቁብ ነው፤ ተራው በስምምነት ነው የሚያዘው።

«አንቺን መጀመሪያ ላድርግሽ? ባለፈውም መጀመሪያ ነበር የፈለግሽው» አለችኝ።

መጨረሻ ላይ ጻፊኝ አልኳት።